የአባቴ ለበንና የገሱባው ቀጥቃጭ

ሐሙስ ጠዋት፣ ከሶዶ መውጫ

የአባቴን አሮጌ ለበን ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልዬ ከተከራየኋት በቅሎ ኮርቻ ጋር አሰርኩና ወደ ገሱባ ወጣሁ፤ እዚያ እጁ የተመሰከረለት ቀጥቃጭ አለ ብለውኛል። ጉዳዬ አንድ ነው። እሁድ የአባቴ ሙት ዓመት ነው፤ እናቴም «የራሱ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ካልጮኸለት አጥንቱ ይወቅሰኛል» ብላለች። ጠመንጃው ግን ዲዳ ሆኗል።

በፊት አልፎ አልፎ ይከሽፍ ነበር። ለማሳደስ የከተማችን ጠመንጃ ጠጋኝ ጋሽ መኮንን ዘንድ ሦስት ቀን አሳደርኩት፤ ስቀበለው ጭራሽ ዝም አለ። «የመዝጊያው ብሎን አልፈታ አለኝ። ለዚህ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ እኔ የለኝም» አለኝ። ልዩ መሣሪያ! ሞላውን አውልቆ ለሌላ ጠመንጃ እንዳደረገው አልተጠራጠርኩም፤ በጠጅ ቤትም በመሥሪያ ቤትም ይህንኑ አወራሁ።

እኔም ዝም ብዬ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ጠመንጃውን ሳልሰጠው በፊት ብሎኑን በወጥ ቤት ቢላዋ ፈትቼ፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌም ሞላውም ላይ በሞረድ መስቀል ጭሬባቸው ነበር፤ ቢለወጡ እንዳውቅ። መልሼ ሳጠብቀው ቢላዋው ሁለት ሦስቴ ሸርተት አለ እንጂ ሥራውን ጨርሷል። ከመኮንን ስቀበለው ግን ብሎኑ ለእኔም እምቢ አለ። ይህም የእሱ ተንኮል ነው አልኩ። እናቴ ይህን ሰምታ፣ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። አንተ ምን ሰርቀህ ነው ሰው የማታምነው?» አለችኝ።

ለዳሞታ ተራራ ጀርባችንን ሰጥተን ቁልቁል ወረድን። ሌሊቱን ዘንቦ ቀዩ መሬት ይጎትታል፤ በቅሎዋ በየሸንተረሩ ትለግማለች። አንዲት የእንሰት ቅጠል የተሸከመች ሴት «ሳሮ» ብላ በወላይትኛ ሰላም አለችኝ፤ «ሳሮ» አልኳት። ጥቅሉን አየች።

«ጠመንጃ ነው?»

«የሽመና ዕቃ ነው።»

«ሸማኔ በቅሎ ላይ ዛሬ አየሁ!» ብላ እየሳቀች አለፈች። እስክትርቅ ድረስ ዞር ዞር እያልኩ አየኋት።

ገሱባ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አንድ ዘመዴ ቤት ጠመንጃውን ተንተርሼ አደርኩ።

ዓርብ፣ ጮራሞ ግቢ

ቀጥቃጩ ጮራሞ የሚኖረው ከገበያው ውጭ፣ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ነው። ስድሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ያለው ወናፍ፣ መዶሻ፣ ሁለት ሞረድና አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የተጓዝኩት?

«ይሄን ታውቃለህ?» አልኩት።

«አያቱን አውቃለሁ» አለና ተቀብሎ ብሎኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ጌታው፣ ይሄን ብሎን ማን በላው?»

«የሶዶ ጠጋኝ።»

ብሎኑ ላይ ላምባ ጠብ አደረገና የተሰበረ ሞረድ እሳት ውስጥ ከተተ። ቀጥቅጦ፣ አሹሎ፣ ብሎኑ ላይ ይለካል፤ አልገጠመም፤ መልሶ ይስላል። ዐይኔን ከእጁ ሳልነቅል ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ለካው።

«ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል ብለውኛል» አልኩ።

«ያስፈልጋል። ይቺው ነች። አገርዋ ሩቅ አይደለም፤ ከብሎኑ ጋር ልክ ስትሆን ልዩ ትሆናለች።»

ሚስቱ የተቀቀለ ቦይና፣ የአገሩን ጎደሬ፣ በቅጠል አቀረበች። ቀጥቃጭ ቤት አይበላም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ዐይናቸው ይበላል ይሉናል። «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ነኝ» አልኩ።

«ቦይና ጾም አያስገድፍም፣ ጌታው።»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

ቅጠሉን ከደነና ወደ ጎን አደረገው። «ይደርሳል» አለ።

አዲሷ ካቻቢቴ ስትገባ ብሎኑ ሳያንገራግር ዞረ። መዝጊያው ሲከፈት ውስጡ እንደ ሙጫ የደረቀ ቡናማ ነገር ሞልቶታል።

«ምን ቀባችሁት?»

«አባቴ ሁልጊዜ ቅቤ ነበር የሚቀባው።»

«ቅቤ ለራስ ነው፤ ጠመንጃ ፀጉር የላትም» አለና በላምባ ያጥበው ጀመር። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ሞላው አለ፤ መስቀሌ አለበት። መርፌውም አለ፤ መስቀሌ አለበት። ምንም አልተለወጠም።

ጮራሞ መርፌውን በጥፍሩ ዳበሰና ቆመ። «ይሄ መስቀል ምንድነው?»

«ምልክት ነው። እንዳይለወጥ።»

«ማን እንዳይለውጠው?»

ዐይኔን ወደ ወናፉ አዞርኩ።

«ጠርዙ ተነሥቷል። እዚህ ጋ ይነክሳል» አለ፤ መርፌውን በቀዳዳው አስገብቶ አሳየኝ። «ቅቤ ታዘገያለች። ያቆማት ይሄ መስቀል ነው። ብሎኑንም ጠጋኝ አልበላውም፤ ይሄ የቢላዋ ጥርስ ነው።»

በአባቴ ጠመንጃ ላይ የደረሰው ሁሉ የእኔው እጅ ሥራ ነው፤ የአንድን ሰው ስም ግን በከተማው ሙሉ አጉድፌአለሁ። ጮራሞ የመርፌውንም የሞላውንም መስቀል በድንጋዩ አለስልሶ አጠፋና ገጣጥሞ ቃታውን ሳበ። ቀጭ!

«ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?» አለኝ ወደ ቅጠሉ እያየ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ቦይናውን ቀዝቅዞ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። «አባባ ጮራሞ፣ እሁድ ሶዶ ይምጡልኝ» አልኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አንተ ስለው የዋልኩት እኔው ነኝ።

ፈገግ አለ። «መጥቼ የት እቀመጣለሁ? ከደጅ?» ለሥራው ሁለት ብር ተቀበለኝና ካቻቢቴዋን በእጄ አስያዘኝ። «ለዛ ለሶዶው ሰውዬ ስጠው። እውነቱን ነው የነገረህ፤ መሣሪያ ነው ያነሰው።»

ቅዳሜና እሁድ፣ ሶዶ

ቅዳሜ ወደ ቤቴ ሳልገባ በቅሎዋን በቀጥታ ወደ ጋሽ መኮንን ሱቅ ነዳሁ። ካቻቢቴዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሲያገላብጣት ቆየ።

«ሞላው ተገኘ?» አለ በመጨረሻ።

«ከመነሻውም አልጠፋም፣ ጋሼ። ይቅር በሉኝ። ነገ ተዝካሩ ላይ ይገኙልኝ።»

መጣ። ሁለቱን ጥይት እኔ ተኮስኩ፤ እናቴ በእያንዳንዱ ጩኸት የአባቴን ስም ጠራች። ሦስተኛውን እንዲተኩስ ጠመንጃውን ለጋሽ መኮንን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ።

«ቆይ» አለ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። «ከመያዜ በፊት ምልክትህን እይ፤ ኋላ ተለወጠ እንዳትል።»

ስለ ሞላው ከአፌ የሰሙት ሁሉ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

«ምልክት የለውም፣ ጋሼ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ተቀበለኝና ወደ ሰማይ ተኮሰ። ከድንኳኑ በር አጠገብ እኔ ያኖርኩት አንድ በርጩማ ባዶ ነበር፤ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።