የመጋረጃ ሰፊዋ መስኮት

ሚያዝያ 18 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። በስፌት መኪናዋ ላይ ቅምቅማቱ እስከ ግማሽ የተሰፋ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር። መርፌው ጨርቁን ወግቶ እንደወረደ ቀርቷል፤ ክሩ አልተበጠሰም። እህቴን ከወንበሯ ያነሷት ሰዎች ጨርቁን አልነኩትም። እኔም ደርሼ ሳየው መንካት አቃተኝ።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ ያላለቀ ፋይል ወደ መደርደሪያ አይመለስም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ስለ እህቴ ስጽፍም ካልጨረሰችው ነገር መጀመሬ ለዚህ ነው።

እትዬ ነበር የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩና ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ «መዝገቤ» ትለኛለች፤ ስትናደድ ደግሞ «አንቺ መዝገብ ቤት»። መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ልብስም መስፋት ትችላለች፣ ግን አትወድም። «ልብስ ያሰፋ ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ከዚያ መጥቶ እኔን ይቆጣኛል። መስኮት ግን ጨዋ ነው፤ እንደለካሽው ይቆይሻል» ትል ነበር።

የራሷ የአሠራር ወግ ነበራት። ሰዎች የመስኮታቸውን ልክ በወረቀት ጽፈው ቢያመጡላት አትቀበልም። ራሷ ትሄዳለች፤ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ክፍሉ ውስጥ ወንበር አስቀርባ ፀሐይ ዞር እስክትል ትቀመጣለች። ከዚያ ባለቤቶቹን አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «ከዚህ መስኮት ማየት የማትፈልጉት ምንድን ነው?» ሰዎቹ ስለ ቀለምና ስለ አበባ ሊነግሯት ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁ ግራ ይገባቸዋል። አንዲት አዲስ ያገባች ልጅ «ኧረ እኔ የማልፈልገው ነገር የለም» ብትላት፣ «ቆይ፣ ገና ነሽ» ብላ ስስ ጨርቅ ሰፋችላት። ልጅቷ ዓመት ሳይሞላት ተመልሳ መጣች። «እትዬ፣ አሁን ወፍራም አድርጊልኝ። አማቴ ፊት ለፊት ተከራዩ።»

የምትኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ፣ ከበሩ ስትገቢ በስተግራ ባለችው ክፍል ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አልጋዋ ከተረፉ ቁርጥራጮች በተገጣጠመ መጋረጃ ተከልሎ ከጀርባ ይቀመጣል፤ የጨርቅ ጣቃዎቹ እንደቸኮለ እንግዳ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው። ከመስኮቱ የሚታየው የግቢው ቧንቧ ብቻ ነበር፤ ለእሷ ግን ይበቃት ነበር። እየሰፋች ማን መጣ፣ ማን ተጣላ፣ ማን ታርቆ ጀሪካን አብሮ ተሸከመ፣ ሁሉንም ታያለች። መስኮቷ ላይ የነበረው ስስ ጨርቅ ሁልጊዜ ወደ ጎን ተሰብስቦ በጥብጣብ የታሰረ ነው። ሲፈታ አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግቢው እንደሚፈርስ ተነገረ፤ መንገድ ይወጣበታል። ተከራዮቹ ሁሉ ቤት ፍለጋ ወጡ። የእሷ ጉዳይ ግን የእኔ ጉዳይ ነበር። እኔ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። አንደኛው ክፍል ባዶ ነው። እትዬ ወደ እኔ እንድትመጣ ፈለግኩ፤ ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

«አልመጣም» አለች።

«ለምን?»

«አንቺ ጋ ስመጣ እንግዳ ነኝ።»

«ማን ነው እንግዳ ያለሽ?»

«ማንም አይለኝም። ወንበሩ ግን ይለኛል። ‹ተነሺ፣ ባለቤቷ መጣች› ይለኛል።»

«እትዬ፣ በቀልድ አታምልጪ።»

«እሺ፣ ሳልቀልድ። አንቺን ያሳደግኩት ቤትሽ ልጦር አይደለም። ሌላ ቦታ አሳዪኝ።»

አሳየኋት። መጀመሪያ የሄድነው ጎረቤቷ ወደመከራት ቦታ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ግቢው ሁሉ «ጋሽ መሪ» ይለዋል። ከተማው ዳር ስለተሠሩት አዳዲስ ፎቆች ሲያወራ የራሱ ርስት ይመስል ነበር።

«ንፋሱ ብቻውን መድኃኒት ነው» አላት።

«ንፋሱን ለመዋጥ ስንተኛ ፎቅ ልውጣ?»

«አምስተኛ ላይ ነው ጥሩው።»

«ጋሽ መሪ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ቁጭ ብለው ነው የተጓዙት። እኔ በእግሬ ነው የምወጣው።»

ሆኖም ወጣች፤ በየፎቁ ግድግዳ እየተደገፈች። ቤቱ ገና የቀለም ሽታ አለው። መስኮቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፤ ከእሱ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ተራራው፣ የቀረው ሁሉ ሰማይ። ሠራተኞች የተዉትን የቀለም ጣሳ ገልብጣ ተቀመጠችበት። እኔ በልቤ «ወደደችው» አልኩ። በመጨረሻ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ያምራል። ሰው ለማየት ግን ወፍ መሆን አለብኝ» ብላ ወደ ደረጃው ሄደች።

ቀጥሎ እሑድ ቀን ወንዝ ዳር ወዳለው ሰፈር ወሰድኳት። እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ እንግዳውን የሚወስደው እዚያ ነው፤ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጣሪያ ከድነውታል፣ ሰው ከድልድዩ ላይ ፎቶ ይነሳል። አንዲት ክፍል በጓሮ በኩል ትከራያለች ተብሎ ነበር። እትዬ ክርኔን ይዛ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄደች፤ ዛፎቹንም ውሃውንም አደነቀች። ከዚያ ግን ቤቶቹን ማየት ጀመረች።

«በሮቹን ተመልከቺ» አለችኝ። «ሁሉም ዝግ ነው። ይሄ ሰው መጥቶ የሚሄድበት ቦታ ነው፣ መዝገቤ። በየሳምንቱ አምጪኝ፣ ደስ ይለኛል። እዚህ ውስጥ አስገብተሽ ግን አትዝጊብኝ።»

ከዚያ በኋላ ቤት ፍለጋውን ብቻዋን ያዘችው። በስልክ «ወሰንሽ?» ስላት «እያየሁ ነው» ትለኛለች። አንድ ቀን ስለ ሌላ ነገር ስናወራ፣ ከመኝታ ቤቴ ፊት ለፊት ስለሚሠራው ሕንፃ አማረርኩላት። ግንበኞቹ መወጣጫው ላይ ሆነው ቁልቁል አልጋዬን ያያሉ፤ መስኮቴን መክፈት ከተውኩ ሰንብቻለሁ። «ማየት የማትፈልጊው እሱን ነው?» አለች። «እሱን ነው» አልኳት። «እሺ» አለችና ስለ ጉንፋኔ ጠየቀችኝ።

ልቧ እንደደከመ ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ሐኪሙ ደረጃ ቀንሺ ብሏት ነበር። ይህን ያህል ቅርብ ነው ብለን ግን አንዳችንም አላሰብንም። በዚያች ሐሙስ ጋሽ መሪ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። «የመኪናዋን ድምፅ ለምጄዋለሁ፤ ስትታጠፍ ቀስ ትላለች፣ ከዚያ ትነዳዋለች» አለኝ በኋላ። «ቀስ አለ፤ አሁን ትነዳዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለ። ዝም ሲል ተነሳሁ።» ይህን ሲነግረኝ ኮፍያውን እጁ ላይ ያዞረው ነበር፤ ልክ እንደ መሪ።

ከቀብሩ በኋላ ክፍሏን የማስለቀቁ ሥራ የእኔ ሆነ። አፍራሾቹ ከግቢው ማዶ ካለው አጥር ጀምረዋል። ጣቃዎቹን ለያየሁ፣ መቀሶቹን ጠቀለልኩ። የመኪናውን መርፌ ጋሽ መሪ በእጁ አዙሮ አነሳልኝ፣ መጋረጃውም ወጣ። ወፍራም ነው፤ ገበር አለው። የማን ነው? እትዬ ሥራዋን የምትይዘው በጭንቅላቷ ነበርና የሚነግረኝ አልነበረም። ደንበኞቿን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ ያለ ሰው አልተገኘም።

ያኔ ነው ሌላ ሐሳብ የመጣልኝ። ለራሷ ከሆነስ? የምትሄድበትን ቤት መርጣ መስኮቱን እየሰፋችለት ከሆነስ? መጋረጃውን ይዤ ወደ ቤቴ ሮጥኩ፣ ባዶው ክፍል መስኮት ላይ ዘረጋሁት። ጨርቁ ከመስኮቱ አልፎ ግድግዳው ላይ ተረፈ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ጨርቁን ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ እዚያ መስኮት ላይ ስፋቱ የደረሰ መሰለኝ። እንግዲህ ሰማዩን መርጣለች አልኩ። ለጋሽ መሪ ልነግረው ተመልሼ መጣሁ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር።

«ሽንሽኑስ?» አለኝ።

«የምን ሽንሽን?»

«መጋረጃ ተወጥሮ ይሰቀላል እንዴ? ስትሸነሽነው እኮ በግማሽ ይገባል። በየቀኑ እዚህ ደጅ ላይ ስትሸነሽን እያየሁ ነው ያረጀሁት።»

ዕድሜዬን ሙሉ እግሯ ሥር ሆኜ ያየሁትን ነገር ሐዘኑ አስረስቶኝ ነበር። ሽንሽኑን የምትሠራው ከቅምቅማቱ በኋላ ነው፤ አልደረሰችበትም። ቤቴ ገብቼ ጨርቁን አጠፍኩት። ለባዶው ክፍል መስኮት አሁንም አይሆንም፤ ያ ጠባብና ረጅም ነው፣ ይሄ አጭር። የመኝታ ቤቴን በር ከፈትኩ። ስፋቱም ቁመቱም ልክ ሆነ። ከጀርባው ያለው ሕንፃ ከነግንበኞቹ ጠፋ።

ለራሷ አልነበረም። የሰፋችው ለእኔ ነው፤ የሰፋችልኝም እኔ በምኖርበት ቤት እኔ እንድኖርበት ነው። የት ልትሄድ እንደነበረ ግን አሁንም አላወቅኩም።

መልሱን ያገኘሁት የእጅ ቦርሳዋን ስከፍት ነው። እስከዚያ ድረስ አልደፈርኩም ነበር። ከመነጽሯና ከመሀረቧ ጋር ሁለት አንድ ዓይነት ቁልፎች ነበሩ። አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ገና የተቀረጸ። በአዲሱ ላይ ከዚያው ከአረንጓዴው ጨርቅ የተቀደደ ቅዳጅ ታስሯል። የክፍሏን በር አይከፍቱም፤ የእኔንም አይከፍቱም።

በየማታው ከአውቶቡስ የምወርድበት መታጠፊያ ላይ፣ ከብስክሌት ጥገናው አጠገብ፣ ጃንጥላ ሥር የሚሠራ ቁልፍ ቀራጭ አለ። ከሥራ ስመለስ አሳየሁት። አሮጌውን ቁልፍ ገልብጦ እንኳ አላየውም።

«የእትዬ ናት፤ ሐሙስ ዕለት ነው የሠራሁላት» አለ። «ለምን ራሷ አልመጣችም?»

ነገርኩት። ሞረዱን አስቀመጠ። ከዚያ በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ፤ ከብስክሌት ጥገናው በላይ፣ የእንጨት ደረጃ ያላት አንዲት ክፍል።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ታች ሆነው ብስክሌት ጠጋኙን ልጃቸውን ሲቆጡ ነው ያገኘኋቸው። «እህቷ ነሽ? መልክሽ ይናገራል» አሉኝና ደረጃውን ቀድመውኝ ወጡ። ክፍሏ ባዶ ነበረች፤ ተጠርጋለች። አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ወንበር።

«ሦስት ቀን እየመጣች እዚህ ተቀመጠች» አሉኝ። «ቤት የሚከራይ ሰው ውሃውን ያያል፣ መብራቱን ያያል፤ እሷ ግን እስኪመሽ ቁጭ። በሦስተኛው ቀን ‹ይዤዋለሁ› አለችኝ። መጋረጃ ሰፊ ናት ሲሉኝ ‹እንግዲህ ለዚህች መስኮት ቆንጆ ነገር ትሰፊላታለሻ› ብላት ሳቀች። ‹እማማ፣ ይቺ መጋረጃ አያስፈልጋትም› አለችኝ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ የሚታየው ይህ ብቻ ነው፤ መታጠፊያው፣ የቁልፍ ቀራጩ ጃንጥላ፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ቆመ። ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ፤ የሁሉም ፊት ወደዚህ ነው። እኔም በየማታው እንዲሁ ነው የምወርደው።

የመጨረሻ ቀኗን በተመለከተ ቁልፍ ቀራጩና የቤቱ ባለቤት የነገሩኝን እዚህ አሰፍራለሁ። ሐሙስ ጠዋት እትዬ አሮጌውን ቁልፍ ይዛ መጣች፣ ተመሳሳይ አስቀረጸች። ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ሞከረችው፤ ቁልፉ ያዝ አደረጋት። ወርዳ «ትንሽ ሞርድልኝ» አለችው። «እትዬ፣ ነቅነቅ ካደረጉት እኮ ይከፍታል» ቢላት፣ «እኔማ ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ይሄ ግን የእህቴ ነው፤ ከሥራ ደክሟት ነው የምትመጣው፣ ደጅ ላይ እንድትታገል አልፈልግም» አለችው። ሞረደላት። እንደገና ደረጃውን ወጣች፤ መሀል ላይ ቆማ እንደነበር የቤቱ ባለቤት አይተዋታል። አዲሱን ቁልፍ ከተተች፣ አዞረች፣ በሩ ተከፈተ። መልሳ ቆለፈችው፣ ከላይ ሆና ለቀራጩ እጇን አወዛወዘችለት፣ ወርዳም ደህና ዋል ብላው ሄደች።