ገደል የገባው ጨሌ

ጥሩሸዋ በመንዝ፣ ቀየት በምትባል መንደር ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴት ስታዋልድ ኖራለች። እጇ ላይ አንዲት እናት ሞታባት አታውቅም ነበር። ይህን ግን ሙያዬ ነው አትልም፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ የወላዶች ጠባቂ የምትባለው የአቴቴ ጨሌ ነው የምትለው። ምጥ ሲበረታ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም!» ሲሉ፣ እሷ ያንን ባለቀለም ዶቃ ምሰሶው ላይ ታንጠለጥልና አብራቸው ማርያምን ትጠራለች። እናቷ ያስተማረቻት እንዲህ ነበር፤ ለወላድ የምትራራ እናት አንዲት ናት፣ የበዛው ስሟ ነው።

የንስሐ አባቷ አባ ኪዳነ ወልድ ጨሌውን ያዩት ጠበል ሊረጩ የገቡ ዕለት ነው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ወይ ጨሌውን ወይ ቁርባኑን! ይህን ይዘሽ ብትሞቺ አልፈታሽም» አሏት።

ለመንዝ ሰው ያለ ፍትሐት መቀበርን የሚያህል ፍርሃት የለም። ጥሩሸዋ እያለቀሰች ጨሌውን ከመንደሩ በታች ካለው ገደል ወረወረችው።

በሦስተኛው ወር አንድያ ልጇ መሲ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። ምጡ ማታ ጀመራት፤ እስከ ማግስቱ ቀትር ልጁ አልወርድ አለ። ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ደጅ ቆሙ። ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ጥሩሸዋ ራሷ «አንሱ» ባለች ነበር። የገዛ ልጇ ስትሆን ግን ልቧ ከዳት። እመቤቲቱን ገደል ጥዬ ነው፣ አለች በሆዷ።

«እኔ ሳልመለስ እንዳትነኳት!» ብላ ወደ ገደሉ ወረደች።

ማን ይነካታል? አዋላጇም እናቷም እሷው ናት። ቃሬዛው ደጅ ተጋድሞ ጠበቀ። ጥሩሸዋ በእሾህና በድንጋይ መሀል በእጅ በእግሯ ዳኸች። ክሩ ተበጥሶ ጨሌው ተበታትኗል፤ ማርያምን እየጠራች፣ አቴቴን እየለመነች አንድ አንድ ለቀመች። ዘጠኝ ፍሬ አገኘች። ዳገቱን ስትወጣ እልልታ ለመስማት ቆም ብላ አዳመጠች። የሰማችው ዋይታ ነው። ሕፃኗ እሷ ሳትደርስ ተወልዳ ተርፋለች፤ መሲ ደሟ ፈስሶ አልቋል።

ዘጠኙን ፍሬ ከመግነዙ ውስጥ ጨመረችው። አባ አላዩም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያስተምረው የወንድሟ ልጅ ጌጡ ሊያጽናናት ሞከረ። «አክስቴ፣ ራስዎን አይውቀሱ። ከክርስትና በፊት ሕዝቡ እናት አምላክ ያመልክ ነበር፤ ኋላ ያ ፍቅር ወደ ማርያም ዞረ የሚሉ መጻሕፍት አሉ። የለመኑት አንዷኑ ይሆናል።»

አባ ኪዳነ ወልድ በመቋሚያቸው መሬት መቱ። «የአምላክ እናት ናት እንጂ አምላክ አይደለችም! የማንንም ዙፋን አልወረሰችም!»

ተጨቃጨቁ። ሁለቱም የተማሩ ናቸው፤ ሁለቱም ምጥ ቤት ገብተው አያውቁም።

ጥሩሸዋ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «እመቤቶቹ አንድም ይሁኑ ሁለት፣ ቃሬዛው እንዳይነሳ ያሉት እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ።»



ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች፤ ወለተ ማርያም ተባለች። ጥሩሸዋን ዛሬም ለምጥ ይጠሯታል። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ሲሉ እሷ ዝም ብላ ትወጣና ወንዶቹን ከየማሳው ትሰበስባለች። ምጡ ገና ሳይጠና «አንሱ!» ትላቸዋለች። ቃሬዛው ዳገቱን እስኪሻገር ቆማ ታያለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ የመሲን ልጅ ታቅፋ ታለቅሳለች።