የሾሪ ወንዝን ዓሣ ማን ጨረሰው?

ሰኞ፣ ከቦንጋ

ከቦንጋ መናኸሪያ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወንፊት፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ የጎማ ጓንት፣ ሁለት ደብተርና ኃላፊዬ የፈረሙበት ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው «ጉዳዩን በአካል አረጋግጠሽ እንድትመለሺ» ይላል። ጉዳዩ የሾሪ ወንዝ ነው። ከሺሺንዳ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ በዓሣ ማስገር የተደራጁ ወጣቶች «የወንዝ አውሬ ዓሣችንን ጨረሰብን፣ መርዝ ይፈቀድልን» ብለው ለመሥሪያ ቤታችን አመልክተዋል። ቅዳሜ በቀበሌው ስብሰባ ይወሰናል። የመርዙ ጣሳ ከወዲሁ ተገዝቶ ቀበሌው ዕቃ ቤት ገብቷል። ከታች ያሉት ሦስት መንደሮች ደግሞ የሚጠጡት ያንኑ ውሃ ነው።

ኃላፊዬ አቶ በቀለ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ፣ «አለሚቱ፣ አታራዝሚው። አውሬው ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?» አሉኝ።

«ይበላል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ስንት እንደሚበላ አላውቅም።»

ሳቁ። «አንቺን እኮ ያበላሸሽ የማታ ትምህርት ነው!»

እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዲፕሎማዬን የያዝኩት ደግሞ የመጀመሪያ ልጄ ሚኒስትሪ በተፈተነበት ዓመት። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ሲያይ ሁለቴ ካላነበበ አያልፍም።

ስለ አውሬው ስም ለአንባቢ ልንገር። ቡናማ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጣ ያለ፣ ጅራቱ ወፍራም፣ በውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኝ፣ በደረቅ ምድር እንደ ውሻ የሚሮጥ። ቢሮ ውስጥ «ኦተር» እንላለን። መዝገበ ቃላት ባገላብጥ «አቆስጣ» የሚል አገኘሁ፤ ግን እሱው ራሱ ይሁን ሌላ አላረጋገጥኩም። ስለዚህ እንደ አገሩ ሰው የወንዝ አውሬ ብዬ እቀጥላለሁ።

ቅጥቅጡ ከቦንጋ የወጣው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሂሳቡ አስር ብር። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ውሽውሽ የሻይ ተክሉ ጋ ስንደርስ ጎማው ቀይ ጭቃ ውስጥ ገባና ወርደን ገፋን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ኮረሪማ በጆንያ ይዛ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ለዓሣ ጉዳይ አልኳት።

«ሁዳዴ ሲቃረብ የመንግሥት ሰውም ዓሣ ያምረዋል ማለት ነው!» አለች። ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በመንገድ ላይ የማነበው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤታችን መደርደሪያ ያገኘሁት። ትራውት ስለሚባል ዓሣ የተጻፈ ነው። ይህ ዓሣ ከባሕር ማዶ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀ እንጂ ካፋ ውስጥ የለም። የኛው ሌላ ዘር ነው፤ አፉ ዳርና ዳር ሪዝ ያለው፣ ሆዱ ቢጫ። ነገር ግን ሁለቱም ወንዝ ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ድሮ ዓሣ ሲጎድል ሰዎች በመጀመሪያ አውሬ ይገድሉ ነበር፤ ገድለው ሲጨርሱም ዓሣው አልተመለሰም። ከስሩ በእርሳስ አሰመርኩበት።

ማክሰኞ፣ ሾሪ

ሺሺንዳ አድሬ ጠዋት በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ሄድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የወጣቶቹ ሊቀመንበር ታሪኩ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ ፈጣን፣ ቁጡ።

«እትዬ፣ መድኃኒቱን ለመርጨት ነው የመጡት?»

«ለማየት።»

«ማየቱን እኛ አይተናል! መረብ ስንጥል ባዶ፣ ስናወጣ ባዶ። እሱ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ጺሙን ይጠርጋል። ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ሥራ ፈጠራችሁ ተብለን፣ ተጨብጭቦልን፣ አሁን እናቶቻችን ቤት ተመልሰን ቆጮ እንበላለን።»

ንዴቱ የእውነት ነበር። ከእሱ ጋር ወደ ወንዙ ወረድኩ። ገና ወንዙን ሳላይ መጋዝ ሰማሁ። ሁለት ሰንጣቂዎች አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ግንድ ጉድጓድ ላይ አጋድመው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ይስባሉ። የአንድ ጣውላ ነጋዴ ሠራተኞች ናቸው። የወንዙ ዳር ወዲህም ወዲያም ተመልጦ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ግንዱን በበሬ እየጎተቱ የሚያሻግሩት በወንዙ መሐል ነው። ውሃው ሻይ በወተት መስሏል። ቴርሞሜትሬን ነከርኩ፤ ለተራራ ወንዝ ሙቀቱ በዝቷል። እጄን ወደ ታች ሰድጄ ጠጠር ፈለግሁ፤ እስከ አንጓዬ ድረስ ጭቃ ብቻ።

ከዚያ ድንጋዩ ላይ የአውሬውን ኩስ አገኘሁ። ጓንቴን አድርጌ ሰበርኩት። የዓሣ አጥንት! ነጭ፣ ቀጭን፣ የማያጠራጥር።

«አየሽ?» አለ ታሪኩ፤ ከደስታው ብዛት አንቱታውን ረሳ።

ይህን እንዳላገኝ ተመኝቼ ነበር። መደበቅ ግን አልችልም፤ ደብተሬ ላይ «አንደኛ፦ ዓሣ» ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ከጋሽ ገብሬ ጋር

ያደርኩት ንብ አናቢው ጋሽ ገብሬ ቤት ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ አጭር፣ እግራቸው እንደ ዛፍ ሥር የተጠማዘዘ። አማርኛን ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ቃሉን እንደ ማር እንጀራ ቆርጠው የሚሰጡ ይመስላሉ። ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡልን፤ ከጎኑ የገተም ዛፍ አበባ ነጭ ማር።

«ኩስ ትለቅማለሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የተማረ ሰው ኩስ ሲለቅም ዛሬ አየሁ። ያልተማረው ይረግጠውና ይሄዳል።»

ሁለቱን ቀን አብረን ዳሩን ዳሩን ሄድን። ያገኘሁትን ሁሉ ለየብቻው በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ቦታውን ጽፌ ያዝኩ። ከማክሰኞው ጋር ሃያ ሦስት ሆኑ። የሰበርኳቸው ጥቂቶቹ ውስጥ ቀይ የሸርጣን ቅርፊት በቅርፊት ነበር። የቀሩትን አልነካሁም፤ ለምን እንዳልነካሁ ቅዳሜ ይገባችኋል።

ሐሙስ ከሰዓት መጋዙ እስከማይሰማበት ወጣን። አንድ ሐረግ ከዛፍ ዛፍ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቷል። ጋሽ ገብሬ ሐረጉን በእጃቸው አነሱልኝ።

«ከዚህ ወዲያ የኔ ኮቦ ነው። ግቢ።»

ኮቦ ማለት አንድ ቤተሰብ ከአባት ከአያት የወረሰው፣ ቀፎ የሚሰቅልበት የጫካ ክልል ነው። የሌላ ሰው ኮቦ ሳያስፈቅዱ አይገባም፤ ቀፎ ያለበት ዛፍ ደግሞ ባለቀፎው ሳይፈቅድ አይቆረጥም። ይህን ለማስከበር ፖሊስ ሲጠራ የሰማ የለም።

ወንዙ እዚያ ሌላ ወንዝ ነው። ዛፎቹ ከዚህና ከዚያ ተደጋግፈው ጣራ ሠርተዋል፤ ዶቅማው ሥሩን ውሃ ውስጥ ዘርግቷል። ቴርሞሜትሩን አወጣሁ፤ አላመንኩምና መልሼ ነከርኩ። ከታችኛው በአራት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጎንበስ ስል ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። በጠጠሩ ላይ ጥላ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሌላ ጥላ። ከዚያ ወንዙ ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ጫጩት ዓሣ፣ ከጣት የማይረዝም፣ ቁጥር የሌለው! ከበላያቸው ትልልቆቹ ሪዛሞች።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ዓሣ እዚህ ነበር?»

«የት ይሂድ?»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ? ወጣቶቹ ኮቦዬ አይገቡም፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። ዓሣው እዚህ መኖሩን እኔ አውቃለሁ፤ እታች መጥፋቱን አላውቅም። ዓሣ አልበላም።»

ከማዶ ድንጋይ ላይ ሁለት የወንዝ አውሬዎች ወጡ። አንዱ በሁለት እጁ እንደ ሰው የያዘውን ሸርጣን ቆርጠም ቆርጠም አድርጎ በላ፤ ጫጩቶቹ አጠገቡ እየዋኙ ዞር ብሎ አላያቸውም። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ቆሜ በልቅሶና በሳቅ መሐል ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ስብሰባው

ከስብሰባው ዛፍ ሥር መቶ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቧል። የመርዙ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የጣውላ ነጋዴው ወኪልም መጥቶ ነበር፤ በቀሩት የወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ፈቃድ ይፈልጋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ዕድል ሲሰጡኝ ድምፄ አልወጣ አለኝ። በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ አልተናገርኩም፤ ሃያ ሦስቱን የኮባ ጥቅልሎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ሳፋ ሙሉ ውሃ፣ ወንፊትና እንጨት አመጣሁ።

«ታሪኩ፣ ና አንተው እጠብ» አልኩ።

«እኔ? ኩስ?»

«ከሳሽ አንተ አይደለህ? ማስረጃህን አጥበህ አሳየና!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ስብሰባው በሳቅ ፈነዳ።

እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ። የመጀመሪያው ያው የዓሣ አጥንት ነው፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ «ትክክል ነው፣ ቁጠረው» አልኩት። ሁለተኛው የሸርጣን ቅርፊት። ሦስተኛው ቅርፊት። አራተኛው ቅርፊት። አስረኛው ላይ ሲደርስ ሰው ራሱ «ሸርጣን!» እያለ መጥራት ጀመረ፤ እንደ ዕጣ። መጨረሻ ላይ የዓሣ አጥንት የተገኘባቸው ሦስት ነበሩ። ሃያው ሸርጣን። ታሪኩ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ።

«እሺ» አለ፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ «እሱ ካልበላው ማን በላው?»

«ኑ ላሳያችሁ» አልኩ። ድምፄ መጣልኝ።

ስብሰባው ተነሥቶ ተከተለኝ። በመጀመሪያ ግንድ የሚጎተትበት መሻገሪያ ወስጄ ታሪኩን እጁን እንዲሰድ አደረግሁት፤ ጭቃ ይዞ ወጣ። «ዓሣው እንቁላሉን እዚህ ቢጥል በጭቃ ታፍኖ ይሞታል» አልኩ። ከዚያ ሽቅብ። ጋሽ ገብሬ ሐረጉን አንሥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሁሉ ሰው አስገቡ። ታሪኩ ጠጠሩ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጫጩቶቹን መቁጠር ጀምሮ ተወው። በመጨረሻ፣ «ዘጠኝ ወር ሙሉ ከታች መረብ እየጣልን፣ ዓሣው እዚህ...» ብሎ አቋረጠ።

«እዚህ እንዳታስግር!» አሉት ጋሽ ገብሬ። «እነዚህ እናቶቹ ናቸው። እታች ጥላ ካገኙ እታች ይወርዱልሃል።»

ወኪሉ ሰዓቱን አየ። «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ዛፉ ግን የመንግሥት ነው። ፈቃድ ካመጣን እንቆርጣለን።»

እኔ ይህን ፈርቼ ነበር። ዳሩን የሚጠብቅ ደንብ ስፈልግ ዓርብን ሙሉ መመሪያ የገለበጥኩበትን ደብተሬን አገላብጬ አላገኘሁም። መልሱን የሰጡት ጋሽ ገብሬ ናቸው።

«ልክ ነህ፣ ዛፉ የመንግሥት ነው። ቀፎው ግን የኔ ነው። አንተ ቀፎዬን ሳትነካ፣ ንቤን ሳታባርር ዛፉን ቁረጥ። ከቻልክ ሁለተኛ ዛፍም እጨምርልሃለሁ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ወዲያው ገባቸው፤ «ከመሻገሪያው እስከ ኮቦው ባለው ዳር ሁሉ ቀፎ ይሰቀል፤ ባለቤቱ የወጣቶቹ ማኅበር ይሁን» አሉ። እጅ ወጣ፤ ተቃዋሚ አልነበረም። ግንድ በወንዙ መሐል መጎተት ቀረ። ወኪሉ ዙሪያውን አየና፣ ቀፎ ያለበትን ዛፍ ቆርጦ በዚያ አገር የሚያድር ሰው እንደሌለ እሱም ስለሚያውቅ፣ ወደ መሻገሪያው ወረደ። የመርዙ ጣሳ ለሻጩ እንዲመለስ ተወሰነ።

ቀኑ ሳይመሽ የመጀመሪያው ቀፎ ወጣ። ታሪኩ ዛፍ መውጣት አይችልም ነበርና ጋሽ ገብሬ ከሥር ሆነው፣ «እግርህን! እግርህን ነው እንጂ አፍህን አልኩህ?» እያሉ አስወጡት። ከላይ ሆኖ፣ «እትዬ አለሚቱ፣ አሁን ሁለት ሥራ አለን፤ ማርና ዓሣ!» ብሎ ጮኸ።

እሑድና ሰኞ፣ መመለስ

እሑድ ማታ ቦንጋ ገባሁ። ጉልበቴ አብጦ፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆኖ፣ እያንጎራጎርኩ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ለመጻፍ ስቀመጥ አንድ ነገር አፈርኩበት፤ ሁሉን ነገር ተጽፎ የማገኘው መስሎኝ ነበር። አውሬውን ነጻ ያወጣው ማጠብና መቁጠር ነው፤ ይህን ከትምህርት አግኝቼዋለሁ። ወንዙን ያዳነው ግን ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው ሥርዓት ነው። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ እሱን በወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሪፖርቴን ለአቶ በቀለ አቀረብኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«'የወንዙ ዳር በቀፎ ተይዟል' ይላል። ይሄ በየትኛው መመሪያ ነው?»

«በእነሱ መመሪያ።»

«ቁጥር አለው?»

«የለውም። ግን ከእኛ ይልቅ ይከበራል።»

 እስክሪብቷቸውን አወጡና ሪፖርቱ ላይ ፈረሙ።