ቤት ሲገባ የሚታመም ስክሪን

አባቴ በሞተ በዓመቱ ከአዲስ አበባ ጠቅልዬ ጎንደር ተመለስኩ። የተመለስኩት ለእናቴ ብዬ ነው፤ እዚያው ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያለውን ሰፊ ቤታችንን ብቻዋን ይዛ ቀርታ ነበር። ሥራዬ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ስለሆነ፣ ላፕቶፕና አንድ ሰፊ ስክሪን ካለኝ የትም ሆኜ እሠራዋለሁ ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። «ሦስት ወር ሞክር፤ ሥራ ካጓተትክ ግን ወደ ቢሮህ ትመለሳለህ» አለኝ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ልጄ ገባልኝ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ነበርና አፌ አልታዘዘልኝም።

የላፕቶፔ የስክሪን መሰኪያ ተሰብሮ ስለነበር፣ ስክሪኑን በዩኤስቢ የሚያገናኝ አዳፕተር ጎንደር ፒያሳ ካለ ሱቅ ገዛሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ ከስክሪኑ ጀርባ ትቀመጣለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ሠራች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስክሪኑ ጠዋት በርቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ድርግም ይል ጀመር። ሁሉንም ነቅዬ፣ ምሳዬን በልቼ ስመለስ ይበራል፤ ደግሞ ይጠፋል። በላፕቶፑ ትንሽ ስክሪን ብቻ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ማየት ስለማይቻል ሥራው ተጓተተ።

ያልሞከርኩት የለም። ገመዱን ቀየርኩ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ድራይቨሩን፣ ማለትም አዳፕተሯን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ያውም አንዴ ሳይሆን አምስቴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ያ አልሆን ሲለኝ በባለሱቁ ላይ ዞርኩ። ዕቃውን ሁሉ ባጃጅ ላይ ጭኜ ሄድኩና አሮጌ ሸጥህልኝ ብዬ ጮህኩበት። ረጋ ያለ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰካክቶ ከጠዋት እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት አበራው። አንዴ እንኳ አልጠፋም።

«እኔ ጋ ሲመጣ ጤነኛ፣ አንተ ጋ ሲገባ በሽተኛ» አለና ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ለቤትህ ነው።»

እናቴ በበኩሏ ቤት ውስጥ የታመመ ዘመድ እንዳለባት ሰው፣ በየቀኑ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች። አልተሻለውም ስላት፣ «ዱዓ አድርጌለታለሁ፤ አላህ ያውቃል» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ስለ እናቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እሷ ዘንድ ራቁቱን የቆመ ዕቃ ነውር ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ስልኩ ሳይቀር በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴል መሀል ስላደግሁ ዳንቴል አይታየኝም። ስክሪኔም በመጣ በሳምንቱ ከጀርባው ነጭ ዳንቴል ተጥሎበት ነበር። ሳላየው አልቀርም፤ ልብ ግን አላልኩትም።

አንድ ሰኞ አለቃዬ ደወለ። በሩን ዘግቼ አነሳሁት። «ገጾቹ እስከ ሐሙስ ካልደረሱኝ ቲኬትህን ቁረጥ» አለ። ረቡዕ ጠዋት ስክሪኑ እንደ ልማዱ ድርግም ሲል ንድድ አለኝና ገመዱን ልነቅል እጄን ወደ ጀርባው ሰደድኩ። እጄ ያገኘው ሱፍ ነው። ዳንቴሉን ስገልጥ ከሥሩ የእናቴ የክረምት ሻርፕ አራት ቦታ ታጥፎ አገኘሁ። አዳፕተሯ በሻርፑ ተጠቅልላ፣ ከድስት አሁን እንደወጣ እንቁላል ትፋጃለች።

«እማዬ! ማነው ይህን ያደረገው?»

የምሬን ተቆጥቼ ነበር። እሷ ላይ ጮሄ አላውቅም።

እጇን እየጠረገች ከማድ ቤት መጣች። «እኔ ነኛ። ምነው?»

«ታፍና እኮ ነው የምትጠፋው! ሙቀቱ ነው የሚገድላት!»

«እንዴ! መጀመሪያ አቧራ እንዳይገባባት ብዬ ዳንቴሉን ጣልኩባት። ኋላ ስነካት ትኩሳት አላት። ባሰባት ጊዜ ሻርፑን ደረብኩላት። ትኩሳት ያለበት ይሸፈናል እንጂ ይራቆታል? ላብ ላብ ሲላት ይለቃታል ብዬ ነው።»

ወደ ሱቅ ስወስዳት ደግሞ እናቴ የአዳፕተሯን ልብስ ገፍፋ አስቀርታው ኖሯል፤ ሻርፑ ከቤት ይወጣል እንዴ! በዚያ ምስኪን ባለሱቅ ላይ የጮህኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ። ልስቅ አፌን ስከፍት እናቴ ሻርፑን ከእጄ ተቀበለች። ዓይኗን ሳታነሳ ታጣጥፈው ጀመር።

«ከዳነች አይሄድብኝም ብዬ ነው» አለች።

ለካ ስልኩን ሰምታለች። ምናልባትም ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ ነበር። እኔ ሳልነግራት፣ እሷም ሳትጠይቀኝ፣ ለየብቻችን አንዲት ጥቁር ዕቃ ስናስታምም ከርመናል። 

«እና፣ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«አልሄድም» አልኳት። «ገጾቹ ለነገ ባይደርሱም፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ እንጂ የትም አልሄድም።»

ይህን ስላት ስክሪኑ ገና አልበራም ነበር።