ሲስተሯ ያልወጋችኝ መርፌ

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን መርፌ እወጋበት በነበረው ክሊኒክ በር ባለፍኩ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ሰው በገዛ እልኩ ለመሞት ምን ያህል እንደሚቀርብ ያየሁት እዚያ ነው።

ሙሜ እባላለሁ። ጭሮ ተወልጄ ያደግኩ ጫት ነጋዴ ነኝ፤ ጠዋት እዚህ ገዝቼ ወደ ቦርደዴ አወርዳለሁ። ለታመመ ወንድሜ ደም ልለግስ ሄጄ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘብኝ። ሐረር ያለው ሐኪሜ ለአንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ መርፌ እንድወጋ፣ ክኒንም እንድውጥ አዘዘልኝ። «አንድም ሳምንት እንዳታቋርጥ፤ ጫትም ተው» አለኝ። የመጀመሪያውን ትእዛዝ አጥብቄ ያዝኩ። ሁለተኛውን... አቦ፣ ጫት ነጋዴ ሳይቀምስ እንዴት ይሸጣል!

መርፌውን ዓርብ ዓርብ ጠዋት የምትወጋኝ እዚሁ ጭሮ ያለች ነርስ ነበረች። ስሟን ሲስተር ኤልሳቤጥ ልበለው። ጴንጤ ናት። ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ አይበልጥም፤ ቁጣዋ ግን የእናት ነው።

አምስተኛው ወር ላይ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ከዚያ ተቅማጥ መጣ፤ ከተቅማጡ ጋር ደም። ሳየው ክው አልኩ። ግን ይኼ ለማን ይነገራል? ለሚስቴ እንኳ አፈርኩ። አሜባ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቀጥሎ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ እኛ ጋ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሕመሙን በጫት ላቆመው ተነሳሁ። ለገበያ ከያዝኩት ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ ከሰዓቱን ሙሉ ቃምኩ። እውነትም ተቅማጡ ጋብ አለ። «ይኸው!» አልኩ፤ ራሴን ሐኪም አድርጌ ቆጠርኩት። ቁርጠቱ ግን ባሰ። ደሙም አልቀረም።

ደሙን ካየሁ በሁለተኛው ዓርብ ክሊኒኩ ገባሁ። ሲስተር መርፌውን አውጥታ ፊቴን አየችኝ።

«ምነው እንዲህ ነጣህ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ተናግሬ ሳልጨርስ ሆዴን ይዤ እጥፍ አልኩና ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሙሜ፣ ደም አለው?»

«የለውም።»

«ወላሂ በል!» አለችኝ። ጴንጤዋ እኮ ናት!

በወላሂ መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጫቱን ጭምር። እሷም መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ሐኪሙን ሳልጠይቅ አልወጋህም» አለች።

ያኔ ደሜ ፈላ። አንድ ሳምንት ካመለጠኝ ቫይረሱ ያገረሽብኛል፣ ጉበቴ ያልቃል፣ ልጆቼን ማን ያሳድጋል እያልኩ ጮህኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ክርክር አይቸግረኝም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሌላ ክሊኒክ እሄዳለሁ ብዬ አስፈራራኋት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስልኳን ትነካካለች። በመጨረሻ የሐኪሙ ድምፅ ከስልኩ ተሰማ፦ «እንዳትወጊው! ዛሬውኑ ላኪልኝ።»

እስከ ሐረር ድረስ መኪና ውስጥ ሸሃዳዬን እየደጋገምኩ ሄድኩ። አስተኙኝና አንጀቴን በካሜራ አዩት። ቆስሏል። አሜባ የሚባል ነገር አልነበረም። መርፌው በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ እንዲህ ዓይነት ጉዳት ያመጣል አለኝ ሐኪሙ።

«ጫቱስ?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ጫቱማ የደም ሥር ያጠብባል፤ ለቆሰለ አንጀት ጠላት ነው። ተቅማጡንም እየያዘ ሕመምህን ደበቀብን። በዚህ ላይ ሌላ መርፌ ቢጨመር አንጀትህ ሊበሳ፣ ልትሞትም ትችል ነበር።»

መርፌው ቆመ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ ጠፋ። የጉበቴ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ መርፌ የማያስፈልገው አዲስ ክኒን መጣ። ሦስት ወር ዋጥኩት። በኋላ ስመረመር ቫይረሱ የለም ተባልኩ። ወረቀቱን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሲስተር በዚያ ጊዜ ወደ መሰላ ተዛውራ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብዬ ሄድኩላት። ወረቀቱን አንብባ «ጌታ ይመስገን!» ብላ አቀፈችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ።

«ያን ቀን ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሳም። ልጆቼ፣ ልጆቼ ስትል አሳዘንከኝ። በሦስተኛው ካላነሳ ልወጋህ ወስኜ ነበር።»

ለካ ክርክሩን ላሸንፍ የቀረኝ አንድ ጥሪ ብቻ ነበር! ብዙ ሰው በክርክር ረትቼ አውቃለሁ፤ በዚያን ቀን በመሸነፌ ግን ልጆቼን ባየሁ ቁጥር አላህን አመሰግናለሁ።