አያ ሙላትን ፖከር ያስተማርሁበት ክረምት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ። ይኸኛውን ግን ሁልጊዜ እየዋጥሁት ስላለፍሁ፣ እስከ ዛሬ ማንም አልሰማውም። አንተ ስማው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ ወረታ ተመድቤ እሠራ ነበር። በክረምት ለሥራ ቁሐር ሚካኤል ወደሚባል የገጠር ቀበሌ ወርጄ ሳለ ወባ ጣለኝ፤ ሜዳው በውኃ ተሞልቶ መውጫ አልነበረም። አያ ሙላት የሚባል ሩዝ አራሽ ቤቱ አስገብቶ አስታመመኝ። ትውከቴን ጠረገ። በትኩሳት እናቴን እየጠራሁ ሳለቅስ አየኝ። ሲሻለኝ፣ እንዲያ ሆኜ ስላየኝ ጠላሁት። ሰው ያዳነውን ይጠላል? እኔ ጠላሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ካርታ ነበረኝ። ፖከር ላስተምርህ ስለው ደስታውን አልቻለውም። አምስት አምስት ካርታ እንደሚታደል፣ የማይረባውን ጥሎ ሌላ መሳብ እንደሚቻል፣ ሁለት አንድ ዓይነት በሦስት፣ ሦስቱም በአራት እንደሚበለጥ በትክክል አሳየሁት። አንዷን ሕግ ብቻ ገለበጥሁበት። አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ተከታታይ ቁጥርን ይበልጣሉ፤ እኔ ተከታታዩ ይበልጣል አልሁት። ተሳስቼ አይደለም። አውቄ ነው።

ውኃው ሲጎድል ወረታ ጠራሁትና ሹፌሮች ከሚጫወቱበት ቤት አብረን ተቀመጥን። ተከታታይ አምስት ሲገባለት ፊቱ በራ።

"በሬዬን አስይዣለሁ!" አለ።

የእኔ አምስቱም ባለ ልብ ምልክት ነበሩ። ላስቆመው እችል ነበር። "ተቀብያለሁ" አልሁ።

ሁለታችንም ካርታችንን ዘረጋን። ሹፌሮቹ ሳቁበት።

"ወንድምዓለም፣ ተከታታዩ ይበልጣል ያልኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?" አለኝ አያ ሙላት።

"እኔ? እንዲህ ብዬህ አላውቅም።"

ካርታውን ሰብስቦ አስቀመጠ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ "እንግዲያ ያልገባኝ እኔ ነኝ። በሰው ፊት አሳጣሁህ፤ ይቅር በለኝ" አለ።

እኔም ይቅር አልሁት!

በማግሥቱ በሬውን ራሱ ነድቶ አመጣልኝ። "በቀኝ በኩል ነው የሚጠመድ፣ በግራ ካጠመዱት ይረበሻል" ብሎ አደራ አለኝ። ለሥጋ ሸጥሁት። በቀረው አንድ በሬ ማረስ ስላልቻለ መሬቱን ለሌላ አራሽ ለእኩል ሰጠ።

አሁንም በሕይወት አለ። ጨዋታው ሳይገባው በሬውን ያስበላ ሞኝ እያሉ ልጆቹ ሳይቀሩ ይስቁበታል አሉ። ከዚህ ስም ነፃ ላወጣው የምችል እኔ ብቻ ነኝ። በወረታ ስንት ጊዜ አለፍሁ፣ አንድ ቀን ከመኪና አልወረድሁም።

ልጅ ነበርሁ አልልም። ቀልድ ነበር አልልም። ብለምነው ይቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ። ዳግመኛ የእሱ ውለታ እንዲኖርብኝ ስላልፈለግሁ ነው የማልሄደው።