የቢቸናን ሜዳ ተመልካች ስቆጥር

ሞጣ ተወልጄ ባድግም መምህርነት የጀመርኩት ቢቸና ነው። ሒሳብ አስተምር ነበር። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ቀን የስፖርት መምህሩ መምህራን ማረፊያ ክፍል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን የከተማው እግር ኳስ ቡድን መሪ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

«የእጅ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ቡድናችን በሜዳው በተጫወተ ቁጥር ለዞን የምንልከው ፎርም አለ። የእኔን ጽሑፍ ማንበብ አቅቷቸው ሁለት ጊዜ መልሰውልኛል። መጥተሽ ትሞይልኛለሽ?»

ኳስ አላውቅም ብዬ ብነግረውም አልሰማኝ። ለመጻፍ ኳስ ማወቅ አያስፈልግም አለ።

ሜዳው ከከተማው ዳር ነው። አጥር የለውም። በአንዱ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ወገን ድንጋይ የተደረደረበት ተዳፋት አለ። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በጋ ላይ ደግሞ ይሰነጣጠቅና ኳሷን ወዳልታሰበ ቦታ ያነጥራታል። ያን ቀን የተጫዋቾቹን ስም፣ ያገባውን፣ ካርድ ያየውን ጻፍኩና ከፎርሙ ግርጌ «የተመልካች ብዛት» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ።

«እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?»

«ሦስት መቶ በይው» አለኝ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንለው።»

ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ከባሕር ዛፉ ሥር ጀምሬ ቆጠርኩ፤ አርባ ሦስት ሰው ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ በግ ለማሰማራት የወጡ ሴቶች ናቸው። እነሱን ልቁጠር ወይስ ልተው ብዬ አሰብኩና ፊታቸው ወደ ጨዋታው ስለነበር ቆጠርኳቸው። ፎርሙ ላይ ግን የተባልኩትን ሦስት መቶ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ ነገሩ ከነከነኝ። ተማሪ ተሳስቶ ሲጽፍ በቀይ እስክሪብቶ አስምርበታለሁ፤ እኔ ደግሞ አውቄ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ አንድ ደብተር አወጣሁና አርባ ሦስት ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ለዞን ሦስት መቶ፣ ለደብተሬ እውነተኛውን እጽፍ ነበር። ከቁጥሩ ጎን ምክንያት የመሰለኝንም አክላለሁ፤ ገበያ ቀን፣ ዝናብ፣ ለቅሶ፣ የፈተና ሳምንት። ገበያ ቀን በጣም ይደጋገም ነበር። እህሉንና ከብቱን ትቶ ኳስ የሚያይ ማን አለ?

ሳይቀሩ የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርገው ሞጣ ሲመላለሱ የኖሩ። ልጅ ሳለሁ በእሳቸው መኪና ሳልሳፈር አልቀርም። ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ተጫዋቾቹ ሳይደርሱ ደርሰው፣ ተዳፋቱ ላይ ይቀመጣሉ። አይጮሁም፣ አያጨበጭቡም። ቆጠራዬን ስጨርስ አጠገባቸው እቀመጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ኳስ በጣም ይወዳሉ ማለት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ኳሱን እንኳ ብዙም አላውቀው» አሉኝ። «ልጆቹ ያሳዝኑኛል። አውቶቡስ ሰው ካልሞላ አይነሳም፤ እስኪሞላ ቆመን እንጣራ ነበር። እነዚህ ግን ሰው መጣ አልመጣ ፊሽካ ሲነፋ መሮጥ አለባቸው። አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ይያቸው ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየጨዋታው «ዛሬ ስንት ሆንን?» ይሉኛል። ሃምሳ አንድ ስላቸው «ከባለፈው ተሻለ»፣ ሠላሳ ስላቸው «ገበያው ነው» ይላሉ።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከዞን ደብዳቤ መጣ። የአንዳንድ ቡድኖች የተመልካች ቁጥር አጠራጣሪ ስለሆነ፣ ከሞጣ ጋር የምናደርገውን ጨዋታ ከዞን የሚላከው የጨዋታ ኮሚሽነር ራሱ ተመልካቹን እያየ ይመዘግባል፤ ሰው የማይመጣበት ሜዳ ሆኖ ከተገኘ በቀጣዩ ዓመት የሜዳችንን ጨዋታ ሌላ ከተማ እንድንጫወት ይደረጋል ይላል። የቡድን መሪው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በማግሥቱ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አሳስሮ ከተማውን ይዞር ጀመር። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ተናገረ፤ መናኸሪያ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ጨዋታው የሚውለው ገበያ በሌለበት ቀን ስለነበር እኔም ተስፋ አደረግሁ።

ለጨዋታው አንድ ቀን ሲቀረው የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ደጅ ወጥቼ ጎረቤቴን ማን እንደሞተ ጠየቅኋት። ጡረተኛው ሾፌር ናቸው። ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ አልተነሱም። ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጨዋታውም በዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የቡድን መሪውን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ምነው አንድ ቀን ቢቆዩልን?» ካለ በኋላ የተናገረው አሳፈረውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በማግሥቱ ሜዳ ስደርስ ሰባት ሰው ነበር። በከተማው ውስጥ በእሳቸው መኪና ያልሄደ ስለሌለ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቷል። ኮሚሽነሩ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ብዕራቸውን ይዘው ሜዳው ዳር ቆመዋል። የቡድን መሪው ጨዋታው እንዲዘገይ ለመናቸው። «ሜዳ ላይ ካልተሰለፋችሁ በፎርፌ እንደተሸነፋችሁ ይቆጠራል፤ ደንቡ ይሄ ነው» አሉት። ንግግራቸው የቁጣ አልነበረም።

የሞጣ ቡድን አውቶቡስ በዚህ መሀል ደረሰ። ሾፌሩ ወርዶ ባዶውን ሜዳ አየና ወደ እኔ መጣ።

«ሰዉ የት ሄደ?»

ነገርኩት። የሟቹንም ስም ጠራሁለት።

«እኔ የእሳቸው ረዳት ነበርኩ» አለ። «መሪ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ኳሱን አላውቅም፤ ቀብራቸው ላይ ግን ሳልደርስ አልቀርም።»

ተመልሶ ወደ መኪናው ገባ። ከውጭ ሆነን ድምፁ ብቻ ይሰማን ነበር። ትንሽ ቆይቶ የሞጣው አሰልጣኝ ከአምበሉ ጋር ወርዶ ወደ ኮሚሽነሩ ሄደ።

«እኛ ፎርፌ አንፈልግም፤ አንድ ሰዓት ይዘግይልን» አለ።

ኮሚሽነሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለቱም ቡድኖች ከጠየቁ እችላለሁ። ፈርሙልኝ።»

ሁለቱ ቡድኖች በአንድ አውቶቡስ ተጭነው ወደ ቀብሩ ሄዱ። መቀመጫ ስላልበቃ የእኛዎቹ ቆሙ። እኔና ኮሚሽነሩም ገባን። ተጫዋቾቹ ቱታ ለብሰው ከሕዝቡ ኋላ ተደርድረው ቆሙ፤ የሞጣው ሾፌር ግን ሰዉን እየከፈለ እስከ ፊት ሄደ። ሲያለቅስ ከሩቅ ሰማሁት። የሚያለቅሰው የአገሬ ሰው፣ የሞቱትም የማውቃቸው ሰው ነበሩና እኔም አለቀስኩ።

ቀብሩ እንዳለቀ የሟቹ ትልቋ ልጅ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወደ ተጫዋቾቹ መጣች።

«እናንተ መንገደኛ ናችሁ፤ ሳይመሽባችሁ ሂዱና ተጫወቱ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ከተማው ሰው ዞረች። «እናንተም አጅቧቸው። ድንኳኑ የትም አይሄድ፤ ኋላ ትመጣላችሁ። አባቴ ከእነዚህ ልጆች ጨዋታ አንድም ቀን አልቀረ።»

ሰው መጀመሪያ አመነታ። አንድ ሽማግሌ ጥላቸውን አንስተው ቁልቁል መሄድ ሲጀምሩ ሌላውም ተከተለ።

እንዲያ ያለ ተመልካች ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጥላ የያዙ ቄሶች፣ ከሥራ የወጡ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ኳስ ሜዳ ረግጠው የማያውቁ፣ ተዳፋቱን ሞሉት። ማንም አይጮኽም። የኳሷ ድምፅና የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ቆጠራውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። በመጨረሻ መስመር በመስመር ከፋፍዬ ስቆጥር ከአራት መቶ ጥቂት በለጠ።

ሞጣ ቀድሞ አገባ። አንዲት እናት «እሰይ ልጆቼ!» ብለው አጨበጨቡ።

«እማማ፣ የሞጣ እኮ ነው ያገባው» አላቸው አጠገባቸው የነበረ ሰው።

«ታዲያ ምን አለበት? እነሱም ቀብር ደርሰዋል» አሉት።

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሽ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ ኮሚሽነሩ ጠሩኝ። «ስንት ቆጠርሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የእሳቸውም ከእኔው ጋር የተቀራረበ ነበር። የቡድን መሪው ከኋላዬ ቆሞ ደስ ብሎታል።

«እንግዲህ ሰው ይመጣል ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አዎ ብል ያልቅ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ማንን ብሎ እንደመጣ አውቃለሁ፤ በሟቹ ቀብር መዋሸት ከበደኝ። ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«እውነተኛው ይሄ ነው» አልኩ። «ሦስት መቶ እያልኩ የጻፍኩት ውሸት ነው። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ቆመው ገጽ በገጽ አገላበጡት። የቡድን መሪው ጥሎኝ ሄደ። ኮሚሽነሩ ደብተሩን ከመመለሳቸው በፊት ቁጥሮቹንና ምክንያቶቹን በራሳቸው ወረቀት ገለበጡ።

የቡድን መሪው ለሦስት ሳምንት ያህል አላነጋገረኝም። መምህራን ማረፊያ ስገባ እሱ ይወጣል። ትክክል ሠራሁ ብዬ ራሴን ባጽናናም፣ ከጨዋታው በፊት በባጃጅ ሲዞር የነበረውን ሳስብ ቤቴ ገብቼ እራት አይበላልኝም ነበር። ሳላማክረው ማድረጌ እስከ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ከዞን የመጣው ውሳኔ ሁለታችንም ያልጠበቅነው ነበር። ቡድኑ በሜዳው እንዲጫወት ተፈቀደለት፤ የሜዳው ጨዋታዎች ግን ከገበያ ቀን ወደ እሑድ ከሰዓት ተዛወሩ። ለሦስት መቶው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብናል። የቡድን መሪው ደብዳቤውን ይዞ ክፍሌ ድረስ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ማስጠንቀቂያውን ለሁለት እንካፈለዋለን» አለኝ። ያ እርቃችን ነበር።

እሑድ ሲሆን ተመልካቹ ጨመረ፤ ተአምር ግን አልሆነም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳውን በልቶ የሚመጣ ሰው ተገኘ፤ ዘጠና፣ መቶ፣ አንድ ጊዜም መቶ ሠላሳ ደርሷል። ዝናብ ሲጥል እንደገና ሃያ እንሆናለን። የሟቹ ሾፌር ልጅ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥታለች። ኳሱ አልገባትምና ሦስተኛ አልመጣችም።

በኋላ ዝውውር አገኘሁና ሞጣ ተመለስኩ። ጸጥታው ደፍርሶ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መጥቶ ውድድሩ ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ፤ ዛሬም ቡድኖቹ ሰብሰብ ብለው ልምምድ የሚሠሩት ሲመቻቸው ነው። ባለቤቴ ኳስ ይወዳል። ባለፈው የሞጣ ልጆች ለሁለት ተከፍለው ሲጫወቱ ወስዶኝ ነበር። አንዱ ኳሷን መረብ ውስጥ ሲከታት ተነስቼ አጨበጨብኩ፤ ዳኛው ግን ፊሽካ ነፋ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ከጨዋታ ውጪ ነው» አለኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ሜዳ ስትመላለሺ ይህን አታውቂም?»

አላውቅም ነበር። ሁለት ጠጠር አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ያስረዳኝ ጀመር።